ፕሉምባጎ፦ የደቡብ አፍሪካው ባለ ሰማያዊ አበባ ቁጥቋጦ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ

በብዙ አጥቢያዎች የቅጥር ግቢ ሥራ ሲታቀድ በመጀመሪያ የሚነሣው የድንጋይ ካቡ ወይም የቆርቆሮው አጥር ጉዳይ ነው። አጥሩ ቆሞ ከተመረቀ በኋላ ደግሞ «ይህን ባዶ ግንብ የሚያለብስ፣ ለዓይን የሚያምር ተክል ምን እንትከል?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ ለብዙ ዓመታት የሚቆይ ነው። የሰበካ ጉባኤ አባላት የአገልግሎት ዘመናቸውን ፈጽመው ለተተኪዎች ያስረክባሉ፤ ሥር የሰደደ ቁጥቋጦ ግን የሚያስረክበው የለም፤ በቦታው ይቀጥላል።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ከሚሰጡት የተለመዱ መልሶች አንዱን፣ ፕሉምባጎን ይመለከታል። በአዲስ አበባና በሌሎች የወይና ደጋ ከተሞች በመኖሪያ ግቢዎችና በመንገድ ዳር አጥሮች ላይ የምናየው፣ ፈዘዝ ያለ የሰማይ ቀለም ያላቸውን አበቦች በዘለላ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ነው። የሚተከልበትን ቦታ፣ የሚያስፈልገውን ውኃና የሚገረዝበትን ጊዜ ላወቀለት ሰው እጅግ ታጋሽ ነው። እነዚህን ሦስቱን ለሳተ ግን ወይ የማያብብ አረንጓዴ ክምር ይሆንበታል፣ ወይ የምእመናኑን መተላለፊያ የሚዘጋ ሸክም።

የተክሉ አገርና ጠባይ

ፕሉምባጎ አገሩ ደቡብ አፍሪካ ነው። በተፈጥሮው የሚገኘው ከደቡባዊው የኬፕ ጠረፍ አንሥቶ በምሥራቅ ኬፕ በኩል እስከ ክዋዙሉ ናታል በሚደርሰው ምድር፣ ጥቅጥቅ ባለ ዝቅተኛ ቁጥቋጦና እሾሃማ ዱር ውስጥ ነው። ሙሉ የሳይንስ ስሙ ፕሉምባጎ አውሪኩላታ ሲሆን፣ ይህን ስም ያወጣለት ፈረንሳዊው ሊቅ ላማርክ እ.ኤ.አ. በ1786 ነው። የመጀመሪያው ቃል እርሳስ ከሚባለው ማዕድን የላቲን መጠሪያ የተገኘ ነው፤ ሁለተኛው «ባለ ጆሮ» ማለት ነው። ቅጠሉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ እንደ ትንሽ ጆሮ ያለ ቅጥያ ስላለው እንዲህ ተባለ። በቆዩ መጻሕፍት «ፕሉምባጎ ካፔንሲስ» የሚል ስም ያገኘ አንባቢ ሌላ ተክል እንዳይመስለው፤ አንድ ነው።

በዱር ሲያድግ ራሱን ችሎ እንደ ዛፍ አይቆምም። ረዣዥምና ቀጫጭን ቅርንጫፎቹን በአጠገቡ ባሉ ቁጥቋጦዎች ላይ እያስደገፈ ይወጣል፤ ድጋፍ ሲያጣ ወደ ምድር ይጎነበሳል። በግቢ ውስጥ ከ1 እስከ 3 ሜትር ከፍታ ይኖረዋል፤ ግንብ ወይም ሽቦ ካገኘ ከዚያም በላይ ይሳባል። ይህን ጠባይ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል፤ ተክሉ ተዘርፍጦ ሲታይ የታመመ የሚመስላቸው ሰዎች አሉና። የታመመ አይደለም፤ የሚደገፍበትን እየፈለገ ነው።

አበባው አምስት ቅጠል አለው፤ ከሥሩ ረዘም ያለ ቀጭን ቱቦ ይወጣል። ቱቦውን የሚያቅፈው አረንጓዴ ሽፋን ደግሞ የሚያጣብቅ ፀጉር ስላለው ዘሩ በሰው ልብስና በእንስሳት ጠጉር ላይ ተጣብቆ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ይህ ነገር ከዚህ በታች ስለ ደን ስንነጋገር ተመልሶ ይመጣል።

«የክረምት መጨረሻ» መቼ ነው?

በዚህ ተክል ላይ ከሚደርሱት ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ከወቅት ነው። በደቡብ አፍሪካ የተጻፉ የአትክልት መመሪያዎች ፕሉምባጎ በነሐሴ ገደማ፣ በብርዱ ወራት ማብቂያ ላይ ይገረዝ ይላሉ። ለእነርሱ ትክክል ነው፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱና ዝናቡ ይመጣል፣ አዲስ ቡቃያ ይወጣል፣ ተክሉም ያብባል። ያው ምክር ወደ አማርኛ ሲተረጎም ግን «በክረምት መጨረሻ ይገረዝ» ተብሎ ይቀርባል፤ የእኛ አንባቢም መስከረምን ያስባል። በእኛ አገር ክረምት ማለት የዝናብ ወራት እንጂ የብርድ ወራት አይደለም። በአውሮፓ የተጻፈው መመሪያ ደግሞ በየካቲትና በመጋቢት ይላል፤ እርሱም የራሱን አገር በረዶ እየቆጠረ ነው።

ስለዚህ ወሩን ትተን ምክንያቱን እንያዝ። ፕሉምባጎ የሚያብበው በአሮጌው ግንድ ላይ ሳይሆን በዚያው ዓመት በወጣው አዲስ ቡቃያ ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ መገረዝ ያለበት ተክሉ በብርታት ሊያቆጠቁጥ ሲል፣ ማለትም እርጥበት ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። በመካከለኛውና በሰሜኑ ደጋና ወይና ደጋ ዋናው ዝናብ በሰኔ የሚጀምር ስለሆነ፣ ለአብዛኞቹ አጥቢያዎች ተስማሚው ጊዜ የግንቦት አጋማሽ ነው። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ያደገው ቡቃያ ፀሐይ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ በዘመነ ጽጌ ጫፉ በአበባ ይሞላል። የበልግ ዝናብ አስተማማኝ በሆነባቸው አካባቢዎች ግን መግረዙን ወደ የካቲት ማምጣት ይቻላል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ልማድ አለ። የንግሥ በዓል ሲቃረብ ግቢው ይጸዳል፣ ሣሩ ይታጨዳል፣ አጥሩም በዚያው ቀን ተስተካክሎ ይከረከማል። ሥራው በበጎ ፈቃድ የሚደረግ ነውና የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በዚያ ቀን በገጀራ የሚወርደው የቅርንጫፍ ጫፍ ለበዓሉ ሊፈነዳ የተዘጋጀው እንቡጥ ነው። ፕሉምባጎ ባለበት ግቢ ለንግሥ ቢያንስ ሦስት ወር ሲቀረው መቀሱ ሊቀመጥ ይገባል። በጽዳቱ ቀን የደረቀ አበባና መተላለፊያ የዘጋ ቅርንጫፍ ብቻ ይነሣ።

የት ይተከል፣ የትስ አይተከል?

በሰሜን ኢትዮጵያ በብዙ አካባቢዎች የአገር በቀል ደን ቅሪት የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ዙሪያ ነው። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ኮሶውና ዋንዛው ለዛሬ የደረሱት አባቶቻችን አጸዱን እንደ ቤተ መቅደሱ አካል ቈጥረው ስለ ጠበቁት ነው። አዳም በገነት የተሾመው ለማልማትም ለመጠበቅም እንደ ሆነ አባቶች ያስተምራሉ፤ በዚህ ጉዳይ ሁለቱ ቃላት የሚጋጩ የሚመስሉበት ጊዜ ይመጣል። አዲስ የልማት ክፍል ሲቋቋም በደኑ ጠርዝ ላይ ያለው አጋም፣ ቀጋና ክትክታ «ዱር» መስሎ ይታየዋል። ይመንጠርና በምትኩ አበባ ይተከል የሚል ሐሳብ ይቀርባል።

ይህ ሐሳብ ተቀባይነት ሊያገኝ አይገባውም። የጠርዙ ቁጥቋጦ የደኑ ካባ ነው። ነፋሱን ይሰብራል፤ የቀትር ፀሐይ ወደ ውስጥ ገብታ የደኑን አፈር እንዳታደርቅ ይከላከላል፤ ከብት ሊረግጠው የሚችለውን የወይራና የጽድ ቡቃያ በእሾሁ ሥር ይሸሽጋል። እርሱ ተነሥቶ በምትኩ ፕሉምባጎ ቢቆም ደኑ የሚያገኘው ውበት ነው፤ የሚያጣው ግን ተተኪ ትውልዱን ነው። ፕሉምባጎ እሾህ የለውም። ፍየልና በሬ አያግድም። «ሕያው አጥር» ተብሎ ከብትን ይከላከላል በሚል ተስፋ የሚተከል ከሆነ ገንዘቡም ድካሙም ይባክናል።

እሾህ ያለው ከደቡብ አፍሪካ የመጣ የአጥር ተክል የሚፈልግ ሰው ካሪሳ ማክሮካርፓን ሊጠቅስ ይችላል፤ እሾሁ እንደ መንሽ ለሁለት የተከፈለ፣ አበባው ነጭ፣ ቀይ ፍሬውም የሚበላ ቁጥቋጦ ነው። መልካም ተክል ነው። ነገር ግን የቅርብ ዘመዱ አጋም በደጃችን ሳለ ከናታል ማስመጣት ምን ይባላል? አጋምም እሾህ አለው፣ ነጭና መልካም መዓዛ ያለው አበባ አለው፣ ልጆች የሚወዱት ፍሬም አለው፤ ደረቁን ወቅት ያለ ማንም ጀሪካን ይሻገራል። ለውጭው አጥር አጋም ይበቃል።

እንግዲህ ፕሉምባጎ የሚስማማው ሰው ሠራሽ በሆነው የግቢው ክፍል ነው፦ በጽሕፈት ቤቱና በሰንበት ትምህርት ቤቱ ዙሪያ፣ ከዋናው በር ወደ ዐውደ ምሕረት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ እርቃኑን በቆመ የብሎኬት ግንብ ፊት። ከደኑ ጠርዝ ቢያንስ ሃያና ሠላሳ እርምጃ መራቁ ይመከራል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ተክሉ ከሥሩ አዳዲስ ቡቃያ እያወጣ በዝግታ ወደ ጎን ይሰፋል። ሁለተኛ፣ ቀደም ብለን እንዳልነው ዘሩ ተጣባቂ ነው። ለጌጥ ገብቶ ከአጥር የወጣ ተክል ምን እንደሚያደርግ ከየወፍ ቆሎ ተምረናል፤ እርሱም ከሞቃታማው የአሜሪካ ምድር በአበባው ተወዶ የመጣ ነበር፤ ዛሬ የግጦሽ መሬት ያጠፋል። ፕሉምባጎ በዚያ መጠን የሚዛመት አይደለም፤ ጥንቃቄ ግን ዋጋው ትንሽ ነው።

ለጥንቃቄው የሚረዳ አንድ የተፈጥሮ ነገር አለ፤ ጥቂቶች ብቻ ስለሚያውቁት ሰፋ አድርጎ መናገር ይገባል። የፕሉምባጎ ተክሎች በአበባቸው አፈጣጠር ሁለት ወገን ናቸው። በአንዱ ወገን የእንስቴው አካል ረጅም፣ የወንዴው አካል አጭር ነው፤ በሌላው ወገን ተገላቢጦሽ ነው። ዘር በደንብ የሚቋጠረው ብናኙ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሲተላለፍ ነው። ከአንድ እናት ተክል በተወሰዱ ቁራጮች የተራባ አጥር ግን ሁሉም አንድ ወገን ነው፤ ብዙ ዘር አይቋጥርም። ስለዚህ ችግኙን ከልዩ ልዩ ቦታ ከመሰብሰብ ይልቅ ከአንድ ጤናማና አበባው ደመቅ ካለ ተክል ብቻ ማራባት ለደኑም ጥበቃ ነው፣ ለአጥሩም አንድ ዓይነት ቀለም ይሰጣል።

ንብ እርባታ የጀመሩ አጥቢያዎችም ይህን ይወቁ። ፕሉምባጎ ለቢራቢሮ እንጂ ለማር ንብ የሚሆን አበባ አይደለም። የአበባው ቱቦ ቀጭንና ከ3 ሳንቲ ሜትር የማያንስ ሲሆን የማር ንብ ምላስ ርዝመት ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወለላው ቢኖርም አትደርስበትም። ለቀፎው ብሳናና ገተም ይተከሉ።

የደቡብ አፍሪካን አበባ ሲያነሡ ብዙዎች በመጀመሪያ የሚያስቡት ፕሮቲያን፣ በተለይም የዚያች አገር ብሔራዊ አበባ የሆነውን ንጉሥ ፕሮቲያ ነው። እርሱን ለቤተ ክርስቲያን ግቢ አልመክርም። የሚኖረው በደኸየና ኮምጣጣ አፈር ላይ ነው፤ ሥሩ የፎስፈረስ ብዛትን ስለማይችል ሌላውን ተክል የሚያፋፋው ፍግና ማዳበሪያ እርሱን ይገድለዋል። ይሁንና የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነ የራሳችን ዛፍ አለ፤ በሳይንስ ስሙ ፕሮቲያ ጋጉዲ ይባላል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን በአገራችን አይቶ የገለጸው ነው፤ ስሙም ከዚሁ አገር የሰማው ነው። በአጸዱ ውስጥ ያለው አጥቢያ ሊጠብቀው ይገባል።

ውኃው ከየት ይመጣል?

ከሁሉ በፊት ይህ ይሰላ። አንድ ሰበካ ጉባኤ 40 ሜትር ርዝመት ያለውን ግንብ በፕሉምባጎ ሊሸፍን አሰበ እንበል። በችግኝና በችግኝ መካከል 80 ሳንቲ ሜትር ቢተው 51 ችግኝ ያስፈልገዋል። ተክሉ ሥር ከሰደደ በኋላ ድርቅን በሚገባ ይችላል፤ የመጀመሪያው በጋ ግን አይማርም። ለእያንዳንዱ ችግኝ በሳምንት 10 ሊትር ብንመድብ በሳምንት 510 ሊትር ነው። ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ግንቦት መጨረሻ 34 ሳምንት ያህል አለ፤ ድምሩ ከ17,000 ሊትር ይበልጣል። በ20 ሊትር ጀሪካን ሲቈጠር ከ860 በላይ ጀሪካን ማለት ነው።

ይህን ማን ይሸከማል? የቧንቧ ውኃ ባለበት ከተማ ጥያቄው የገንዘብ ነው። ምንጩ ሩቅ በሆነበት የገጠር አጥቢያ ግን ብዙ ጊዜ ሸክሙ የሚወድቀው በእናቶችና በሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጀርባ ላይ ነው፤ በቃለ ጉባኤው ላይም ይህ አይጻፍም። 51 ችግኝ ተክሎ 40ውን በመጋቢት ከማድረቅ 12 ችግኝ በበሩ ግራና ቀኝ ተክሎ ሁሉንም ማጽደቅ ይሻላል። 12 ችግኝ በሳምንት 6 ጀሪካን ነው፤ ይህን ጥቂት ሰዎች በተራ ሊያደርሱት ይችላሉ። በሚቀጥለው ዓመት ከእነዚያው ቁራጭ ተወስዶ አጥሩ ይረዝማል።

ሸክሙን የሚያቀልሉ መንገዶች አሉ። በ100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል እስከ 1,000 ሊትር ውኃ ይወርዳል፤ በአሸንዳ ተቀብሎ በበርሜል ወይም በገንዳ ማቆየት ለበጋው መጀመሪያ ወራት ይረዳል። በደጀ ሰላም እጅና ዕቃ የታጠበበት፣ ሳሙና ያልበዛበት ውኃም ለዚህ ይሆናል። በተክሉ ዙሪያ ከግንዱ ትንሽ ራቅ አድርጎ ደረቅ ሣር መጎዝጎዝ እርጥበቱ በፀሐይ እንዳይሄድ ይከለክላል። በበዓላት የሚጎዘጎዘው ቄጤማ ከተነሣ በኋላ፣ አስተዳዳሪው ከፈቀዱ፣ ለዚህ ቢውል ከመጣል የተሻለ ነው። ውኃውም በየቀኑ በጥቂቱ ከሚረጭ በሳምንት አንድ ጊዜ በደንብ ቢጠጣ ሥሩ ወደ ጥልቁ ይወርዳል።

ማራባትና መትከል

ችግኝ በገንዘብ መግዛት ግዴታ አይደለም። በመጋቢት መጀመሪያ ከእናት ተክሉ ላይ ለግላጋም ያልሆነ፣ ጨርሶም ያልጠነከረ፣ ሲታጠፍ የሚለመጥ ቅርንጫፍ ይመረጥ። ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ ከታች ልክ ከአንጓው ሥር በስለታም መቀስ ይቆረጥ። የታችኞቹ ቅጠሎች ይራገፉ፤ ከላይ ሁለት ወይም ሦስት ቅጠል ይበቃል፤ አበባና እንቡጥ ካለ ይወገድ። እኩል በተደባለቀ አሸዋና አፈር በተሞላ የችግኝ ከረጢት ውስጥ እስከ ግማሽ ቁመቱ ይተከልና ጥላ ሥር ይቀመጥ። አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ሥር ያወጣል። አዲስ ቅጠል ማውጣቱ ምልክት ነው፤ ለማየት ብሎ መንቀል ግን ማጥፋት ነው። ሁሉም ስለማይጸድቅ 12 ለሚፈልግ 20 ቁራጭ ማዘጋጀት ተገቢ ነው። ቀስ በቀስ ፀሐይ ከለመደ በኋላ ዝናቡ መሬቱን በደንብ ሲያርሰው፣ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ ወደ ቦታው ይሄዳል።

ጉድጓዱ በወርድም በጥልቀትም 40 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ከላይ የወጣው አፈር ከአንድ ባልዲ የበሰለ ብስባሽ ጋር ተቀላቅሎ ይመለስ። ያልበሰለ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል፤ የበሰለውም ቢሆን ከበዛ ቅጠል ያፋፋል እንጂ አበባ አያበዛም። ቦታው በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይኖራል፤ አያብብም። ዋልካ አፈር ባለበት ውኃ በሥሩ እንዳይተኛ መደቡን ከፍ አድርጎ መሥራት ያስፈልጋል።

ግንቡ አዲስ ከሆነ በመሠረቱ ዙሪያ የቀረውን የሲሚንቶና የኖራ ፍርስራሽ አስቀድሞ ማውጣት ይገባል፤ ችግኙም ከግንቡ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ኖራ አፈሩን ሲለውጠው ተክሉ ከአፈር ውስጥ ብረት መሳብ ያቅተዋል፤ ቅጠሉ ቢጫ ይሆንና ሥሮቹ ብቻ አረንጓዴ መስለው ይቀራሉ። ይህን ያየ ሰው ውኃ ያነሰው እየመሰለው ያጠጣዋል፤ ውኃው ግን አያድነውም። መፍትሔው ፍርስራሹን ማንሣትና ብስባሽ መጨመር ነው። የቅጠሉ ጀርባ ላይ የሚታየው ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ግን ብዙ ጊዜ በሽታ አይደለም፤ ተክሉ ራሱ የሚያወጣው ጨው ነው። በአንጓዎች ላይ እንደ ጥጥ ተጠቅልሎ የሚታይና ሲነካ የሚያጣብቅ ነገር ካለ እርሱ ነፍሳት ነውና በሳሙና ውኃ ይታጠብ።

አገራረዙ

በመጀመሪያው ዓመት ጫፍ ጫፉን ብቻ መቀንጠስ ይበቃል፤ ቅርንጫፍ እንዲያበዛ ይረዳዋል። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በግንቦት አጋማሽ ከቁመቱ ሲሶው ብቻ እስኪቀር ድረስ ዝቅ ተደርጎ ሊቆረጥ ይችላል። ለተመልካች የሚያስደነግጥ ይመስላል፤ ተክሉ ግን ከዚህም የባሰ ቆረጣ ተቋቁሞ ያቆጠቁጣል። የደረቁና እርስ በርስ የተጠላለፉ አሮጌ ግንዶች ከሥራቸው ይውጡ። አጥሩ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ያለ ቅርጽ ይያዝ፤ ተገላቢጦሽ ከሆነ ብርሃን ወደ ታች ስለማይደርስ እግሩ ራቁቱን ይቀራል። ሥራው በመቀስ እንጂ በገጀራ አይሁን፤ ገጀራ ግንዱን ይሰነጥቃል። በየወሩ እንደ ግድግዳ ቀጥ አድርጎ መከርከም የሚወድ አጥቢያ ካለ ሌላ ተክል ይምረጥ፤ እንዲህ የተያዘ ፕሉምባጎ አበባ አያሳይም።

ከአፈሩ እየወጣ ወደ መንገዱ የሚሰፋው የሥር ቡቃያ በየክረምቱ መነቀል አለበት። ሥር ይዞ የወጣ ከሆነ ራሱን የቻለ ችግኝ ነውና መጣል የለበትም። በደጋ በታኅሣሥና በጥር ውርጭ ሲመታው ቅጠሉ ይጠቁራል። ያን ጊዜ አይነካ፤ የጠቆረው ቅርንጫፍ የታችኛውን ከሚቀጥለው ሌሊት ውርጭ ይጋርዳል። ብርዱ ካለፈ በኋላ ሲቆረጥ ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። ውርጭ በየሌሊቱ በሚወርድበት ከፍተኛ ደጋ ግን ባይተከል ይሻላል።

ስለ ጤና አንድ ማሳሰቢያ

የፕሉምባጎ ጭማቂ፣ በተለይም የሥሩ፣ ቆዳን የሚያሳክክና የሚያቆስል ንጥረ ነገር አለው። የሚገርዙና ሥር የሚነቅሉ ሰዎች ጓንት ያድርጉ፤ ሕፃናት በቅርንጫፎቹ እንዳይጫወቱ ይነገራቸው። በአገራችን በዱር የሚበቅለውና በባህል መድኃኒት የሚታወቀው አሜራ የዚሁ ተክል የቅርብ ዘመድ ነው፤ አበባውም ነጭ ነው። ከፕሉምባጎም ነጭ አበባ ያለው ዓይነት ስላለ ሁለቱን ማምታታት ቀላል ነው። መድኃኒት ፈላጊ ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚመጣበት አገር ነውና፣ ነጩን ዓይነት አለመትከል፣ ሰማያዊውንም ማንም ሥሩን እንዳይምስ ለቄሰ ገበዙና ለጥበቃው መንገር ያስፈልጋል።

ተክሉ ሲገባ ሰበካ ጉባኤው በመዝገብ የሚያሰፍራቸው ጥቂት ነገሮች አሉ፦ ቁራጩ ከየትኛው እናት ተክል እንደ ተወሰደ፣ ስንት ችግኝ በየት በኩል እንደ ተተከለ፣ ውኃ የማጠጣት ተራው የማን እንደ ሆነ፣ የሚገረዝበት ወርም ግንቦት መሆኑ። በርክክብ ጊዜ ይህ ገጽ ከንዋያተ ቅድሳቱና ከንብረቱ ዝርዝር ጋር አብሮ ለተተኪዎቹ ይሰጥ።